«እንግዴ ልጁ ያጣራል» ወይስ «ሁሉም ያልፋል»? የባትሪ ጥገና፣ የሚያቀላ ክሬምና የአምስት ወር ፅንስ

ደብዳቤው

«የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 20ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ባለቤቴ የመኪና ባትሪ ይጠግናል፣ ቻርጅም ያደርጋል። የሚሠራው ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ በተከለለች ክፍል ነው፤ ቱታውን የማጥበው እኔ ነኝ። ለሁለት ዓመት ያህል ከገበያ የተገዛ ፊት የሚያቀላ ክሬም ስቀባ ነበር፤ ያቆምኩት ካረገዝኩ በኋላ፣ በቅርቡ ነው። አማቴ ‹እንግዴ ልጁ መጥፎውን ሁሉ ያጣራል፣ አትጨነቂ› ይሉኛል። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ያሸተትሽው ሁሉ ልጁ ጋ ይደርሳል› ብላ ቡና ማፍላት እንኳ አስፈርታኛለች። የማንን ልመን? እስክወልድ ድረስ አሰላ እናቴ ጋ ብሄድስ? — ግራ የገባኝ ነፍሰ ጡር»

መልሳችን

እህታችን፣ በሰላም ያገላግልሽ። የዘረዘርሻቸው ስጋቶች እኩል ክብደት የላቸውም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተላቸውን አስቀድመን እንንገርሽ። በጣም የሚያሳስበን በቆርቆሮ የተከለለችው ክፍልና ከእሷ ወጥቶ ወደ ቤት የሚገባው ቱታ ነው። ቀጥሎ ክሬሙ ይመጣል። ቡና የሚፈላበት ከሰል ጉዳይ ከባድ ቢሆንም በአንድ ቀን ሊስተካከል ይችላል። የጎረቤት ቡና ሽታ ግን እንቅልፍ ሊነሳሽ አይገባም።

አማትሽም ጎረቤትሽም ከፊል እውነት ይዘዋል። እንግዴ ልጅ የተፈጠረው በዋናነት ለማሳለፍ ነው፤ ኦክስጅኑም፣ ስኳሩም፣ ካልሲየሙም ልጁ ጋ የሚደርሰው በእሱ በኩል ነው። የእናትና የፅንስ ደም አይቀላቀልም። የፅንሱ ጥቃቅን የደም ሥሮች እንግዴ ልጁ ውስጥ ተበታትነው የእናትየው ደም በዙሪያቸው ይፈስሳል፤ ሁለቱን የሚለየው ስስ የሕዋስ ሽፋን ብቻ ነው። የሽፋኑ ውፍረት በእርግዝናው መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ይደርሳል፤ መውለጃው ሲቃረብ ግን ከ2 እስከ 4 ማይክሮሜትር ድረስ ይሳሳል። ቢዘረጋ ስፋቱ ከ10 ካሬ ሜትር ያላነሰ ነው። ስለዚህ ፅንሱ ባደገ ቁጥር መተላለፊያው ይሰፋል፣ ይሳሳልም። «አምስት ወር ሞላኝ፣ አደጋው አልፏል» የሚሉ እናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ልብና እጅ እግር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ይቀረጻሉ፤ አንጎል ግን እስከ መወለድና ከዚያም በኋላ ሲገነባ ይኖራል።

የትኛው ነገር ያልፋል? ሞለኪውሉ ትንሽ ከሆነ (በግምት ከ500 ዳልተን በታች፤ ዳልተን የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው)፣ ስብ ውስጥ የሚሟሟ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ከሌለውና ደም ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር አጥብቆ ካልተያያዘ በቀላሉ ያልፋል። የአማትሽ እውነት ያለው በዚህ ሕግ ውስጥ ነው። ሄፓሪን የሚባለው የደም ማቅጠኛ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ፅንሱ ጋ አይደርስም፤ የደም መርጋት ችግር ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች እሱ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ዋርፋሪን ግን ትንሽ ስለሆነ ያልፋል፣ ፅንሱንም ይጎዳል። ሽፋኑ ላይ አንዳንድ ባዕድ ነገሮችን ወደ እናትየው ደም የሚመልሱ ፓምፖችም አሉ። ይሁን እንጂ አልኮል፣ ኒኮቲን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ስብ ውስጥ የሚሟሟ አብዛኛው ፀረ ተባይ ይህን ሁሉ አልፎ ይገባል። ከእነዚህም ይልቅ የሚያስቸግሩት ምግብ መስለው የሚገቡት ናቸው። ዘበኛ መልክ አይቶ የቤቱን ልጅ መስሎት ባዕድ ሰው እንደሚያስገባ፣ የእንግዴ ልጁ ማጓጓዣዎችም ካልሲየም የመሰላቸውን እርሳስና ለሰውነት ግንባታ የሚውል አሚኖ አሲድ የመሰላቸውን ሜቲል ሜርኩሪ ያሳልፋሉ።

እርሳስ፣ ባለቤትሽ የሚጠግነው ባትሪ ውስጥ ያለው ብረት፣ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ፅንሱ ያልፋል። በወሊድ ጊዜ ከእትብት የሚወሰድ ደም ሲለካ የእርሳሱ መጠን ብዙውን ጊዜ ከእናትየው ከ80 እስከ 90 በመቶ ይሆናል። በዚህ ብረት ረገድ ልጁን ከእናቱ ለይቶ የሚጠብቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የልጁ መጠበቂያ የአንቺ ደም ከእርሳስ መራቁ ነው። እርሳስ በነፍሰ ጡሯ ላይ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የውርጃን፣ ያለጊዜው የመውለድንና የክብደት ማነስን ዕድል ይጨምራል፤ የልጁን የመማርና ነገር የማስተዋል አቅምም ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለውም ብሎ ያስቀመጠው የእርሳስ መጠን የለም። ይህ ግን «ልጄ ተጎድቷል» ማለት አይደለም። አደጋው ከመጠኑ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ መጠኑን ማውረድ ሁልጊዜ ይጠቅማል።

ስለ እርሳስ ሁለት ነገር ብታውቂ ቀሪውን ምክር ለመረዳት ይቀልልሻል። የመጀመሪያው፣ ደም ውስጥ ያለ እርሳስ በአንድ ወር ገደማ ግማሹ ይወጣል። ስለዚህ ምንጩ በዚህ ሳምንት ቢዘጋ ለልጁ አንጎል ዋና በሆኑት የመጨረሻ ሦስት ወራት የምትገቢው ዛሬ ካለሽ በብዙ በቀነሰ መጠን ነው። ሁለተኛው፣ ከሰውነት ያልወጣው እርሳስ አጥንት ውስጥ ገብቶ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ሰውነት ካልሲየም ሲያጣ አጥንቱን ያፈርሳል፤ የተቀመጠው እርሳስም አብሮ ወደ ደም ይመለሳል። ባለቤትሽ ለዓመታት ይህን ሥራ እየሠራ አብራችሁ ከኖራችሁ አጥንትሽ ውስጥም የተወሰነ እርሳስ ሊኖር ይችላል። የካልሲየምን ነገር አጥብቀን የምንናገረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራ ቤቱ እንምጣ። ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ብቻውን ብዙ እርሳስ አይረጭም። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝና የአሲድ እንፋሎት ነው፤ አንዱ ይፈነዳል፣ ሌላው ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሁለቱም ክፍት አየር ይፈልጋሉ። እርሳሱ የሚበተነው ባትሪው ሲከፈት ነው። በአንድ የቤት መኪና ባትሪ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ያህል እርሳስ አለ። ክዳኑ ሲቆረጥ፣ ፕሌቶቹ (ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ወጥተው ሲደርቁ፣ ፖሉ (ገመድ የሚታሰርበት ጫፍ) ላይ የተጋገረው ነጭ ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ሲፋቅ፣ የፈሰሰው አሲድ ወለል ላይ ደርቆ ሲረገጥ ብናኙ ይነሳል። ከሁሉ የከፋው አሮጌ እርሳስ አቅልጦ ፖል መሥራት ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ተራ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል፤ ከላዩ እየተገፈፈ የሚጣለው አመድ መሳይ ነገርም አብዛኛው የእርሳስ ኦክሳይድ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ባለቤትሽን አንድ ነገር ጠይቂው፦ ባትሪ ይከፍታል? ያቀልጣል? ወይስ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው? ቻርጅ ብቻ ከሆነ ከዚህ በታች ከምንለው የንጽሕናው ክፍል ይበቃችኋል። የሚከፍትና የሚያቀልጥ ከሆነ ግን ያ ሥራ ከግቢው መውጣት አለበት፤ መሃል መንገድ የለውም። ኪራዩ እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ቢያንስ መክፈትና ማቅለጡ ሌላ ቦታ ይሁንና ቻርጁ ግቢ ውስጥ ይቅር። ከአንቺ መሰደድ የሥራው መሰደድ የሚሻለው ልጁ ከተወለደ በኋላም እዚያው ወለል ላይ ስለሚድህ ነው። አዋቂ ከሚውጠው እርሳስ ሰውነቱ የሚመጥጠው አሥረኛውን ያህል ነው፤ ሕፃን ግን ግማሽ ያህሉን ይመጥጣል።

ሥራው ቢወጣም ብናኙ በባለቤትሽ ላይ ተሳፍሮ ይመጣል። ቱታውና ጫማው የሥራ ቦታው ይደሩ። ከመውጣቱ በፊት እጁን፣ ክንዱን፣ ፊቱንና ጢሙን በሳሙና ይታጠብ፤ ቢቻል ገላውንና ፀጉሩን ጭምር። የሞባይሉን ነገር ሰው ሁሉ ይረሳል፦ በእርሳስ እጅ ቀኑን ሙሉ ሲነካ የዋለ ስልክ ማታ ትራስሽ አጠገብ ያድራል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ሥራ ቦታ ላይ አይብላ፣ አያጭስ፣ ጫትም አይቃም፤ ከእጅ ወደ አፍ የሚሄደው ከሚተነፈሰው ሊበልጥ ይችላል። የጨርቅ ማስክ የእርሳስን ብናኝ አያስቆምም፤ ኤን95 የሚባለው ይሻላል፣ እሱም ፊት ላይ በደንብ ከገጠመ ነው።

ቱታውን አንቺ ከዛሬ ጀምሮ አትጠቢ። አጣቢው እሱ ይሁን፣ በራሱ ሳፋ። ሳያራግፍ መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይንከረው፤ አደጋው ያለው በደረቁ ሲራገፍ ነው። ከሌላ ልብስ ጋር አይቀላቀል። እጣቢው ጎመን የተተከለበት ወይም ዶሮ የሚጭርበት ቦታ አይደፋ፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ይግባ።

ቤቱ አንድ ጊዜ በሚገባ መጽዳት አለበት፤ ሲጸዳ አንቺ አትኑሪ። በመጥረጊያ መጥረግ ብናኙን አንስቶ አየር ላይ ይበትነዋል፣ ስለዚህ መጥረጊያው ይቀመጥ። ሁለት ባልዲ ይዘጋጅ፣ በአንዱ የኦሞ ውኃ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ። ጨርቁ ኦሞው ውስጥ ተነክሮ ይወለወላል፣ በንጹሑ ይታጠባል፣ ተጨምቆ እንደገና ኦሞው ውስጥ ይገባል። የመታጠቢያው ውኃ ሲደፈርስ ይቀየር፣ ጨርቁም መጨረሻ ላይ ይጣል። ከላይ ወደ ታች ይሄዳል፦ መደርደሪያ፣ የመስኮት ደፍ፣ ከዚያ ወለል። ሊሾ ያልሆነ አፈር ወለል ከሆነ እርጥብ ጨርቅ አይረዳም፤ የፕላስቲክ ምንጣፍ ዳር እስከ ዳር ይነጠፍና ያ ይወልወል። ሥራ ቤቱ በር ላይ የነበረ ምንጣፍና ሶፋ ላይ የሚጣል ጨርቅ ቢወገድ ይመረጣል፤ አጥቦ መጨረስ ያስቸግራል። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለቴ በእርጥቡ ማጽዳት ይበቃል።

ግቢውን ደግሞ ዞር ዞር ብለሽ እዪ። አሲድ የነበረበት ጄሪካን ውኃ፣ ጠላ ወይም ዘይት አይያዝበት፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብም። የባትሪ ቀፎ ለዶሮ ውኃ ማጠጫ ወይም ለአበባ መትከያ አይሁን፣ ለማገዶም አይንደድ። ሌላው ሴቶች ደብዳቤ ላይ የማይጽፉት ነገር ነው፦ በእርግዝና ጊዜ አፈር ያምርሻል? ብዙዎችን ያምራቸዋል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜም ከደም ማነስ ጋር ይያያዛል። ግን ባትሪ የሚከፈትበት ግቢ አፈር ወደ አፍሽ መግባት የለበትም። አምሮቱ ካለ ለአዋላጇ ንገሪያት፣ የብረት መጠንሽን ትመርምርልሽ።

በጋራዥና በቀለም ቤት «ወተት መርዙን ያጥባል» የሚል ጠንካራ እምነት አለ፤ ባለቤትሽም ሳይሰማው አይቀርም። ወተት እርሳስን አያጥብም። የሚጠቅመው ካልሲየም ስላለው ነው፤ አንጀት ውስጥ ካልሲየምና ብረት ሲኖር እርሳስ የመመጠጥ ዕድሉ ያንሳል፣ አጥንትም አይፈርስም። ሜክሲኮ ውስጥ በተደረገና በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም የወሰዱ ነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአማካይ 11 በመቶ ቀንሷል። ጥሩ ነው፤ ግን 11 በመቶ ብቻ ነው። ክኒን እየዋጡ እርሳስ ማቅለጥ ዋጋ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ በቂ ካልሲየም ለማያገኙ ነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም እንዲሰጥ ይመክራል። ይህ ብዙውን ጊዜ 500 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ ከምግብ ጋር ሆኖ ይታዘዛል፤ የኩላሊት ጠጠር ካለብሽ አስቀድመሽ ተናገሪ። ጤና ጣቢያ የሚሰጥሽን ብረትና ፎሊክ አሲድ ከካልሲየሙ ጋር አብረሽ አትዋጪው፤ አንዱ የሌላውን መመጠጥ ይቀንሳል። ካልሲየሙን ከምግቦችሽ ጋር፣ ብረቱን ሁለት ሰዓት ያህል አራርቀሽ፣ ለምሳሌ ከመኝታ በፊት ውሰጂው። ብረት በወሰድሽበት ሰዓት አካባቢ ቡናና ሻይ ይቅር። የካልሲየም ምንጭ ወተት ብቻ አይደለም፤ ጤፍ፣ ጎመንና ሰሊጥም አለሽ፣ በተለይ የምትጾሚ ከሆነ። ስለ ጾም ካነሳን፣ በባዶ ሆድ የተዋጠ እርሳስ ከምግብ ጋር ከተዋጠው ብዙ እጥፍ ይመጠጣል። እርሳስ ባለበት ቤት የምትኖር ነፍሰ ጡር ረጅም ሰዓት ሆዷ ባዶ ባይሆን ይመረጣል። የሎሚ፣ የነጭ ሽንኩርት ወይም የኮሶ «ማጽጃ» ግን አትሞክሪ። ኮሶ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ሌላውም እርሳስ አያወጣም።

በደምሽ ውስጥ ያለውን የእርሳስ መጠን ማወቅ ያስፈልግሻል። በቀጣዩ ክትትል «ባለቤቴ እርሳስ ይነካል፣ ምርመራ እፈልጋለሁ» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ፤ ካልተናገርሽ ማንም አይጠይቅሽም። ናሙናው ከክንድ የደም ሥር ይወሰድ፤ ከጣት ጫፍ ሲወሰድ ቆዳ ላይ ያለ ብናኝ ገብቶበት ቁጥሩን ያሳስታል። የፀጉር ምርመራ ለዚህ አይጠቅምም፣ ገንዘብሽን አታውጪበት። ውጤቱ በማይክሮግራም በዴሲ ሊትር ይጻፋል። 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ መዘጋት፣ ካልሲየምና ብረት መስተካከል፣ ምርመራውም በአንድ ወር ውስጥ መደገም አለበት። ከ45 ጀምሮ ነገሩ የሆስፒታል ነው፤ እርሳስን አስሮ የሚያወጣ መድኃኒት ይሰጥ አይሰጥ የሚለውን ልምድ ያለው ሐኪም ይወስናል። ያንን መድኃኒት በራስ ገዝቶ መውሰድ ከእርሳሱ ጋር ሌሎች ጠቃሚ ማዕድናትንም ይዞ ይወጣል። የባለቤትሽም ደም ይመርመር፤ የእሱ ቁጥር የቤቱን ሁኔታ ይነግራችኋል።

ክሬሙን ማቆምሽ ጥሩ ነው። ከገበያ የሚገዙ የሚያቀሉ ክሬሞች ችግር የሚያመጣባቸው ሦስት ነገር ነው፦ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኩዊኖንና ክሎቤታሶልን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ። አንዳንዱ ሁለቱን፣ ሦስቱንም አብሮ ይይዛል፤ ማሸጊያው ላይ ላይጻፍ ይችላል። ዕቃውን ካልጣልሽው አውጥተሽ አንብቢው። ካሎሜል፣ ሜርኩረስ ክሎራይድ ወይም አሞኒየትድ ሜርኩሪ የሚል ካየሽ ነገሩ ግልጽ ነው። «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም አርቁ» የሚል ማስጠንቀቂያም ሜርኩሪ እንዳለው ይጠቁማል፤ ሜርኩሪ እነዚህን ብረቶች ስለሚያበላሽ ነው የሚጽፉት። ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1 ፒፒኤም በላይ፣ ማለትም በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ ከ2020 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረት፣ ከአገር ወደ አገርም እንዳይነገድ አግዶ ነበር፤ ከ2025 እ.ኤ.አ. በኋላ ደግሞ ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ሁሉ ያግዳል። ገበያ ላይ ግን ዛሬም አለ።

ስምምነቱ ስሙን ያገኘው ሜርኩሪ እንግዴ ልጅን እንደሚሻገር ዓለም በመራራ መንገድ ከተማረባት የጃፓን ከተማ ነው። ቺሶ የሚባል የኬሚካል ፋብሪካ ወደ ባሕሩ የለቀቀው ሜቲል ሜርኩሪ በዓሣ በኩል ሰው ጋ ደረሰ፤ በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 እ.ኤ.አ. ነበር። ሐኪሞቹን ያስደነገጠው ምንም ወይም ቀላል ምልክት ብቻ የታየባቸው እናቶች አንጎላቸው ክፉኛ የተጎዳ ልጆች መውለዳቸው ነው። እንግዴ ልጅ ይከላከላል የሚለው እምነት ያኔ ጠንካራ ስለነበር ብዙዎች ለማመን ተቸገሩ። በጃፓን የልጅን እትብት አድርቆ የማስቀመጥ ልማድ ስላለ፣ ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ከተቀመጡት እትብቶች ላይ ሜርኩሪውን መለካት ቻሉ። ሜቲል ሜርኩሪ በእትብት ደም ውስጥ ከእናትየው 1.7 እጥፍ ያህል ሆኖ ይገኛል፤ ፅንሱ ጋ ይከማቻል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያጽናናሽ ልዩነት አለ። ክሬም ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ኢንኦርጋኒክ ሜርኩሪ ነው፤ ከሜቲል ሜርኩሪ ያነሰ ወደ ፅንሱ ያልፋል፣ ከፊሉም እንግዴ ልጁ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። በዋናነት የሚጎዳው የአንቺን ኩላሊት ነው። ለዚህ የሚጠቅመው የሽንት ምርመራ ነው። ቢያንስ ግን ክሬሙን ለሐኪምሽ ሳትነግሪ አትለፊ፤ ምክንያቱም ነፍሰ ጡር ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝና እግሯ ሲያብጥ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው በእርግዝና የሚመጣውን የደም ግፊት ነው። ስለ ክሬሙ ካላወቀ የኩላሊቱን ነገር ላይጠረጥር ይችላል። ፊትሽ ካቆምሽ በኋላ ከቀላ፣ ካቃጠለ ወይም ብጉር ከወረረው የስቴሮይዱ መዘዝ ሊሆን ስለሚችል ቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ድካም፣ ማዞርና ማስታወክ ከተከተለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ። ወደ ክሬሙ መመለስ መፍትሔ አይሆንም። የተረፈውን በፌስታል አሽጊው እንጂ አታቃጥዪው፤ ሜርኩሪ ሲተን በትንፋሽ ይገባል፣ በትነት መልክ ደግሞ እንግዴ ልጁን በቀላሉ ይሻገራል። ፊትሽን ስታብሺበት የነበረውን ፎጣም አስወግጂ።

ወደ ቡናው እንለፍ። ቡናሽን አፍዪ፣ ውጭ ወይም በረንዳ ላይ። ከሰሉ ፍም ሲሆን ጭሱ ስለሚጠፋ «አሁን ንጹሕ ነው» ብለው ቤት የሚያስገቡ ብዙ ናቸው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፣ የጋመ ፍምም አብዝቶ ያወጣዋል። ወደ ፅንሱ ሾልኮ ያልፋል። የፅንሱ ሄሞግሎቢን ከአንቺው አጥብቆ ስለሚይዘው መጠኑ በእሱ ደም ውስጥ ካንቺ ሊበልጥ ይችላል፣ የሚወጣውም ዘግይቶ ነው። አንቺ ራስ ምታቱ ሲለቅሽ ልጁ ገና አልለቀቀውም። ከሰል ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መዛል ከተሰማሽ ወዲያው ውጪ፣ ወደ ሆስፒታልም ሂጂና እርጉዝ መሆንሽን ተናገሪ፤ የኦክስጅን ሕክምናው ለነፍሰ ጡር ይረዝማል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መርዝ ጊዜ ደኅና ነሽ ብሎ ያሳስታል። ዕጣኑን ቀንሺ፣ መስኮት ክፈቺ። በ2019 እ.ኤ.አ. የቤልጅየም ተመራማሪዎች የጥላሸት ብናኝ በእንግዴ ልጁ የፅንስ ወገን ላይ ማግኘታቸው የጎረቤትሽን ስጋት ከፊል እውነት ያደርገዋል። ያም ሆኖ ለደቂቃ የሸተተ ዕጣንና ቀኑን ሙሉ የሚጤስ ማድ ቤት አንድ አይደሉም።

ስለ ተባይ አልጠየቅሽም፣ ግን አዳማ ነሽና ወባ አለ። አጎበር ውስጥ ተኚ። በፋብሪካ የተነከረው አጎበር ለነፍሰ ጡር ይመከራል፤ ወባ ራሷ ለፅንሱ ከአጎበሩ መድኃኒት እጅግ የከፋች ናት። አዲስ ከሆነ ለአንድ ቀን ጥላ ሥር አናፍሺው። መፍራት ያለብሽ ያለ ምልክት ወረቀት በሃይላንድ ጠርሙስ ለትኋን የሚሸጠውን ማላታይን የሚባል ፀረ ተባይ ነው። አልጋና ፍራሽ ላይ አይረጭ፤ ፍራሹ ፀሐይ ይሙቅ፣ የአልጋው ስንጥቅ በፈላ ውኃ ይለቅለቅ። ቀሪውን ቶሎ ቶሎ እንበለው፦ ምንጩ የማይታወቅ ኩል እርሳስ ሊሆን ስለሚችል ይቅርብሽ። ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ በተሠራ አሉሚኒየም ድስት ውስጥ ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ምግብ አታሳድሪ። ትኩስ ወጥ በፌስታል አይቋጠር። ዓሣ ካማረሽ ቆሮሶ ብዪ። በውጭ አገር ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ሻርክና ሶርድፊሽ የመሰሉ ትላልቅ አዳኝ ዓሣዎችን ተዉአቸው፤ ሜቲል ሜርኩሪ የሚከማቸው እነሱ ውስጥ ነው።

አሰላ መሄዱን በተመለከተ፣ ቤቱ እስኪጸዳና ማቅለጡ ከግቢ እስኪወጣ ድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት ብትሄጂ ደስ ይለናል። ከመሄድሽ በፊት ደምሽ ይወሰድ፤ የክትትል ካርድሽንና ክኒኖችሽን ያዢ፣ እዚያም ክትትልሽን ቀጥዪ። አሰላ ይበርዳልና ማታ ከሰል መኝታ ቤት እንዳይገባ እናትሽን ከአሁኑ ንገሪያቸው፤ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይሻላል። ቤታቸው ስንዴ ተከምሮ የነቀዝ ክኒን የሚደረግበት ከሆነ ደግሞ ከእህሉ ጋር በአንድ ክፍል ወይም ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ውስጥ አትተኚ። ያ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ክኒኑ መቼ እንደገባ ጠይቂ፤ በዚህ ወቅት የተደረገበት ከሆነ ሌላ ዘመድ ቤት እደሪ።